ጆይስቲኩን የገደልኩት እኔ ነኝ

መርሳ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.

ውድ ፈንታው፣

«ውድ» የሚለውን ጽፌ ቆም ብዬ አየሁት። አምና በሽማግሌ ፊት ሌባ ያለችህ ሴት ዛሬ ውድ ስትልህ ወረቀቱን ቀደህ ልትጥለው ትችላለህ። አትጣለው። አንብበህ ስትጨርስ እንዳሻህ። ሰላምታም አላበዛም፣ ጊዜ የለም። ሚስባህ ሚኒባሱን ነዳጅ ሊሞላ ሄዷል። ሲመለስ ወልድያ ሰው ሊያመጣ ይወጣል። ይህን ደብዳቤ እጅህ ላይ ያደርስልኛል። ሲወርድ ደግሞ አንተን ይዞ እንዲወርድ ነው የምጽፈው።

ሚስትህ ሂሩትና ልጆችህ እኔ ዘንድ ናቸው። ደህና ናቸው። ከሁሉ በፊት ይህን እወቅ።

ቆቦ ተለቀቀ ከተባለ ወዲህ መንገዱ አላባራም። አይሱዙው ፍራሹንም ጀሪካኑንም ፍየሉንም አሮጊቱንም አንድ ላይ ጭኖ ይወርዳል። እኔም ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ከደጄ ወደ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ ወደ ደጄ። ስቀመጥ ያቁነጠንጠኛል፣ ስነሳ መሄጃ የለኝም። መንገደኛው «ማንን ነው የሚጠብቁት እትዬ?» ሲለኝ «ማንንም» እላለሁ። የምጠብቀው አንተን ነበር። በስንተኛው መኪና ያልፍ ይሆን፣ አይቶኝ ፊቱን ያዞር ይሆን እያልኩ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሂሩትን አንድ አይሱዙ ላይ አየኋት። ትንሿን ትዕግስትን ታቅፋ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። «ሂሩት! አንቺ ሂሩት!» ብዬ ጮኽኩ። አይታኝ አንገቷን አዞረች። መኪናው ፍተሻው ጋ ሲቆም እየሮጥኩ ደረስኩባቸው። በዚህ ጉልበቴ። ሹፌሩ «እናት፣ ዘመድዎ ናት?» አለኝ። «ልጄ ናት» አልኩት። ዋሸሁ። ለእኔ ውሸት ብርቅ አይደለም፣ ወደ ታች ስታነብ ታየዋለህ። ትዕግስት መንገዱ አዙሯት አስመልሷት ነበርና ሂሩት ወዳ ሳይሆን ተገዳ ወረደች።

ልጆቹ ገብተው ውሃ ጠጡ። እሷ በሩ ላይ ቀረች።

«ግቢ እንጂ፣ በአላህ።»

«አልገባም እትዬ ዙልፋ። ፈንታው የዚያን ቤት ደጃፍ እንዳትረግጪ ብሎኛል።»

«እሱስ የት አለ?»

«ቀረ።»

«ለምን ቀረ?»

እንዴት እንዳየችኝ ብታያት። «ለምን እንደቀረ እርስዎ ያጡታል?» አለችኝ። «መርሳ ከሆነ ሌባ ተብዬ ወጥቻለሁ፣ ስደተኛ ሆኜ አልመለስበትም፣ ደሴ ደግሞ የማውቀው ሰው የለኝም አለ። እናንተ ሂዱ ብሎ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። አምና ታጣቂዎቹ ይዘውት አሥራ አንድ ቀን አስረው ገርፈው ነው የለቀቁት። ዘንድሮ ከያዙት የሚለቁት ይመስልዎታል?»

ፈንታው፣ አሥራ አንድ ቀን መታሰርህን አልሰማሁም ነበር። ጉበኑን ይዤ፣ እዚያው በሩ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ «ጆይስቲኩን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሱ ይንገሩት» አለች። ስልክህን ሞከርኩ፣ አይሠራም። «እንግዲያ ይጻፉለት። ፊደል ያስቆጠርዎት እሱ አይደል? እኔ ብልክበት ለልጆቿ ማደሪያ ስትል ነው ይላል። በእጅዎ ይጻፉለት። እንዴት እንዳበላሹትም አንድ በአንድ ይጻፉ። ባለሙያ ነው፣ በደፈናው አያምንም።»

እውነቷን ነው። እንግዲያስ አንድ በአንድ።

ጆይስቲኩ በማን እጅ እንደመጣ ታውቃለህ። ልጄ ሂሻም ከጅዳ ፕሌይስቴሽኑን ከሁለት ጆይስቲክ ጋር ሲልክ ሁሉም ኦሪጅናል ነው ብሎ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። አንተ ከሐራ የባቡሩ ሥራ ሲቆም መጥተህ ከተከራየኸው ክፍል አጠገብ ያለውን ክፍል ጌም ቤት አደረግኩት። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንደኛው ጆይስቲክ አመሉን አመጣ። ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ ጎን ይሮጣል። ልጆቹ «እትዬ ዙልፋ፣ አጥቂያችን አብዷል፣ ጠበል ይውሰዱልን» እያሉ ሲስቁብኝ ላንተ ሰጠሁህ። ሐሙስ ቀን ፊቴ ከፈትከው። አውራ ጣት የሚያርፍበትን ዕቃ ነቅለህ፣ ካንድ አሮጌ ጆይስቲክ ያወጣኸውን በየድክበት። አሮጌ መሆኑንም ነገርከኝ። አልደበቅከኝም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሠራ። ቅዳሜ ጠዋት አንተ ወደ ወልድያ ወደ ቤተሰብህ ሄድክ።

በዚያው ቅዳሜ ሂሻም ደወለ። ተሠራልኝ ብዬ በደስታ ነገርኩት።

«ማን ሠራው?»

«ፈንታው ነዋ።»

«ባትሪውን አይተሽዋል እማ? ኦሪጅናሉን ያወጡና ሌላ ይከታሉ እኮ።»

«ፈንታው እንደዚያ አይደለም።»

«የሚያታልልሽ እንደዚያ የማይመስለው ነው።»

በሂሻም አላሳብብም። የሰው አገር ኖሮ ሰው መጠርጠር የለመደ ልጅ ነው። እኔ ግን ሦስት ዓመት ካንተ ጋር አንድ ግቢ ኖሬያለሁ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነገሩ እንደ ትንኝ ጆሮዬ ስር መዞር ጀመረ። ሳህን አጠብኩ፣ አልተወኝም። የአስርን ሶላት ሰገድኩ፣ ሱጁድ ላይ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ባትሪውን አስባለሁ። ስነሳ መለዋወጫውን ቁልፍ ይዤ ክፍልህ ገባሁ። ትንሿን ካቻቪቴ ከመሳቢያህ አወጣሁ።

አራቱን ብሎን ፈታሁ። እስከዚህ ደህና ነበር። አንተ ስትከፍት የጀርባውን ሽፋን ቀስ ብለህ እንደ መጽሐፍ ነበር የምትገልጠው። እኔ እንደ ሸንኮራ ልጣጭ ሳብኩት። ጠቅ አለ። ጀርባውን ከመሃሉ ጋር የምታያይዘው ቻርጁን የምታሳልፈው ያቺ ስስ ጠፍጣፋ ገመድ፣ ሪባኗ፣ ባንድ ጫፏ ተነቅላ ተንጠለጠለች።

ልንገርህ፣ ባትሪውን አየሁት። የተጻፈበት ሁሉ የፈረንጅ ፊደል ነው። አንተ ያስተማርከኝ የእኛን ነው። ኦሪጅናል ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ በምን ልለየው? አቧራ የሌለበት መሆኑ ብቻ ታየኝና «ይኸው አዲስ ከቶበታል» አልኩ። ንጹሕ የሆነው አንተ ከፍተህ ስለጠረግከው ነበር።

ከዚያ ሪባኗን በጥፍሬ ወደ ውስጥ ጠቀጠቅኳት። ገብታ ይሁን ታጥፋ ሳላይ ሽፋኑን ጭኜ በብሎኑ አሰርኩት። ሳበራው ሠራ፣ ያ የፊቱ መብራት ግን አልበራም። ምን ቸገረኝ አልኩ። እሑድ ልጆቹ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወቱበት፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ቻርጅ ላይ ዋለ፣ አደረ፣ ሞቷል። «እኔ ስዘጋው ይሠራ ነበር» አልኩ። ይህን ቃል እስኪዋሃደኝ ድረስ ስደጋግመው አደርኩ።

ሰኞ ስትመጣ በር ላይ ጠበቅኩህ። ባትሪዬን ለወጥክ፣ ሰረቅክ ብዬ ያልኩህን መድገም አልፈልግም። ያልከኝን ግን እጽፈዋለሁ። «ይስጡኝ እትዬ፣ አሁኑኑ ከፍቼ ችግሩን አሳይዎታለሁ» ነው ያልከኝ። እጅህን ዘረጋህ። እኔ ጆይስቲኩን ሻሼ ስር ከትቼ «ዳግመኛ እጅህ አይነካውም!» አልኩህ። ለምን እንደሆነ ዛሬ እወቅ። ከከፈትከው የእኔን እጅ ታየዋለህ። ያኔውኑ አውቄዋለሁ፣ ፈንታው። ሳላውቅ ነው እንዳልልህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ሽማግሌ የተቀመጠ ዕለት የሆነውን አልረሳኸውም። ሼህ ሙሐመድዘይን «ምስክር የሌለው ነገር ነውና ሁለታችሁም ማሉና ይለቅ» አሉ። በአገራችን እንዲህ ነው፣ የማለ ይረታል፣ መሐላ የሸሸ ይፈረድበታል። እኔ ማልኩ። «ሠርቶ ከሰጠኝ በኋላ እጄ አልገባበትም» ብዬ በቁርአን ማልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ተራው ያንተ ሲሆን «ለአንድ ጆይስቲክ ብዬ የፈጣሪን ስም አልጠራም። አልወሰድኩም፣ በቃ» አልክ። አቶ አዳነ የራስህ ሃይማኖት ሰው ሆነው «አንተ ሰው፣ ማልና ተገላገል እንጂ! ምን ይነክስሃል?» ብለው ሲቆጡህ መሬት መሬት አየህ። ከኋላ አንዱ «ያልወሰደ ምን ያስፈራዋል» ሲል ሰው ሳቀ። ክፍሉን ልቀቅ ተባልክ። የዚያኑ ቀን ዕቃህን ባጃጅ ላይ ጭነህ ሄድክ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ወልድያ ገባ፣ ከዚያም እኛ ጋ።

ሚስባህ መጣ። ጥሩምባ ነፋ። «እትዬ ዙልፋ፣ ደብዳቤ ነው ወይስ ኪታብ የሚጽፉት?» ይለኛል። ጠብቅ አልኩት። እጄ አይፈጥንም። ሃምሳ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ እርሳስ ያልያዘ እጅ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ የሂሻም አባት፣ አላህ ይማረውና፣ «ማን ውሃ ሊቀዳ ነው?» ብሎ አስቀረኝ። እሱን ይቅር ያልኩ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ስጽፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ላይ ይታወሰኛል። አንተ ነህ ከተሠሩት ስልኮች ጀርባ የምትለጥፈውን ወረቀት እያሳየህ ያስጀመርከኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል «ተሠርቷል» ነበር። «ሠ»ን ገልብጬ ጽፌው ስትስቅ ተቆጥቼ ሦስት ቀን አላናገርኩህም። ቁጡ መሆኔን ታውቃለህ።

ወደ ጆይስቲኩ ልመለስ። እነዚያ ታጣቂዎች መርሳን በያዙባቸው ወራት ፕሌይስቴሽኑንም ጆይስቲኮቹንም ጎታው ውስጥ ማሽላ ስር ቀብሬ ነው ያተረፍኩት። ጥር ላይ መብራት ሲመለስ አወጣሁት። የሞተውን ጆይስቲክ ላስነሳ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ገመዱን ለወጥኩ። አልሠራም። ቻርጀሩን ለወጥኩ። አልሠራም። ከጀርባው ያለችውን ቀዳዳ አንተ ስታደርግ እንዳየሁት በመርፌ ጫፍ ተጫንኳት። ዝም። በእያንዳንዱ ሙከራ ምን እያልኩ እንደነበር ታውቃለህ? ያ አላህ፣ ጥፋቱ የፈንታው ይሁን።

በመጨረሻ የሚሠራውን ጆይስቲክ አስቀድሜ ከፈትኩ፣ ጤነኛው ምን እንደሚመስል ላይ። አሁን ቀስ ብዬ፣ እንዳንተ። ሪባኗ ቀጥ ብላ አፏ ውስጥ ገብታለች። ከዚያ የሞተውን ከፈትኩ። የእሱ ሪባን እኔ እንደጠቀጠቅኳት ታጥፋ ከአፉ ውጭ ተጨፍልቃ ተኝታለች። ሁለቱን ባትሪዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የፈረንጁን ፊደል ማንበብ ባልችልም መልኩን ማመሳከር እችላለሁ። ይህ ክብ ነው፣ ያኛውም ክብ ነው። ይህ ሹካ ይመስላል፣ ያኛውም ሹካ ነው። ቁጥሩም ያው ነው። አንድም የተለየ አላገኘሁም። አብረው የመጡ ባትሪዎች ናቸው፣ ምንም አልቀየርክም።

ሪባኗን በመርፌ ጫፍ አቃናሁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግኳት፣ በሁለት ጥፍሬ እስከ መጨረሻው ገፋሁ። ገመዱን ስሰካ ያ የፊቱ ቢጫ መብራት መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። አንተ የበየድከው ዕቃ ዛሬም ይሠራል። ተጫዋቹ ባቆሙት ቦታ ይቆማል።

ይህ የሆነው ጥር ላይ ነው። ዛሬ ነሐሴ ነው። ሰባት ወር ዝም አልኩ። በሐሰት የማለች አሮጊት ከምባል አንተ ሌባ እንደተባልክ ብትቀር መረጥኩ። ወልድያ እኮ ሩቅ አልነበረም፣ በሚኒባስ ሄጄ የምመለስበት አገር ነው። ሁለቴ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ባንተም ተናድጄ ነበር። ለምን አልማለም፣ ለምን አልጮኸም፣ ለምን ጆይስቲኩን ከእጄ አልነጠቀኝም እያልኩ። የበደሉትን ሰው መጥላት እንዴት እንደሚቀል ልነግርህ አልችልም። ሳልጽፈው ያልገባኝ ነገር ነው።

ሂሩት የነገረችኝን ከሰማሁ በኋላ ግን አልቆየሁም። ሼህ ሙሐመድዘይን መንገዱ ዳር ለተፈናቃዩ ዳቦ ሲያድሉ አገኘኋቸው። አቶ አዳነን ከሱቃቸው ጠራሁ። ሰው በተሰበሰበበት ነገርኳቸው።

ሼሁ ዳቦውን እንደያዙ ቆሙ። «አንቺ ዙልፋ፣ በጌታሽ ቃል ምለሽ ንጹሕ ሰው አስፈረድሽን?»

«አዎ።»

«አላህ ይይልሽ። የመሐላሽን ነገር ከጌታሽ ጋር ትጨርሺዋለሽ። የሰውየው ሐቅ ግን ሰውየው ጋ ነው ያለው፣ እሱን እኔም ላነሳልሽ አልችልም።»

አቶ አዳነ «እኔ ነኝ ማል እያልኩ ያዋረድኩት» አሉ። «ጻፊለት። ፍርዱ ተነሥቷል በይው። ሲመጣ ከመኪናው የማወርደው እኔ ነኝ፣ ዕቃውንም እሸከማለሁ።» ሼሁም «ስሜን ጨምሪ» ብለዋል። ይኸው ጨመርኩ። በዚያ ዕለት የሳቁትም ሰምተዋል። ደግሞ ማንም የሚስቅበት ጊዜ አይደለም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም። ይቅር ባትለኝም ና። ፊቴን ማየት ካስጠላህ እኔ እህቴ ጋ ገጠር እወጣለሁ፣ ቤቱን ከነቁልፉ ለሂሩት እሰጣታለሁ። እዚያ የተቆለፈ ቤት ውስጥ የምትጠብቀው ግን ምንድን ነው? ስምህን ከሆነ፣ ስምህ እዚህ ነው፣ ዛሬ አስፋልት ላይ መልሼዋለሁ። ዕቃህን ከሆነ፣ ዕቃ ይገዛል። አንተም ግትር ነህ፣ ይህን ሳልልህ አልዘጋም። የእኔ ኩራት አንተን ለአሥራ አንድ ቀን ግርፋት ዳረገህ፤ ያንተ ኩራት ደግሞ ትዕግስትን ያለ አባት እንዳያስቀራት።

ሚስባህ ሞተሩን አስነሥቷል። የምትቀመጥበትን ቦታ ከሹፌሩ ጎን ያዝልኝ ብዬዋለሁ፣ ለሌላ እንዳይሰጥ። እንቢ ካልክም ደብዳቤውን ይዞ ሳይሆን መልስህን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ስድብም ቢሆን ላክልኝ፣ አነበዋለሁ።

በሐሰት የማለችው፣ አሁን ግን እውነቱን የጻፈችው
ዙልፋ

(ሂሩት ስታነበው ቆይታ እስክሪብቶውን ተቀበለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።)

ፈንታው፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ሽማግሌዎቹንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጆቹ ገብተው ተኝተዋል። እኔ ገና በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ መኪናው እስኪመለስ አልገባም። ና።
ሂሩት